ከነመጁ

እኔ ዋና አልችልም፤
ከጦሳ ሥር ያደገ ሰው ብርድ እንጂ ውሃ አይለምድም።
ሥራዬ ገመድ መያዝ ነው፣ መዝገብ መሙላት፣
ጦይባ ስትጠልቅ ከጀልባው ጠርዝ ላይ አረፋዋን መቁጠር፣ መፍራት።
አንዴ ከሳበች፣ ደህና ነኝ ማለት ነው።
ሁለቴ ከሳበች፣ አውጡኝ ነው።
ስለ ሦስተኛው አልተነጋገርንም፤
ያን ለት ሦስቴ ሳበች። እጄ አልታዘዘኝም።

ነገሩን ያመጣው የሙሄ ይመር መረብ ነው።
ሐይቁ በሸሸበት ዓመት፣ ዳሩ በተሰነጠቀበት፣
ቆሮሶ ሊያወጣ ቢጥለው አንድ ጎኑ ተይዞ ቀረበት።
ሲስበው እምቢ፣ ሲለምነው እምቢ፣ ሲሰድበውም ያው እምቢ፤
በማግስቱ ጥቁር ስባሪ ይዞ መጣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ።
ዘበኛው «ማገዶ ነው» ብሎ ሊመልሰው ነበር፤
ጦይባ በጥፍሯ ጫረችው፤ ውስጡ እንደ ቂጣ እርጥብ ነበር።

ታንኳ ነው። ካንድ ግንድ የተፈለፈለ፣
ደንገል ያልነካው፣ ምስማር ያላየ፣
በእሳት ተበልቶ በድንጋይ የተፋቀ፤
ሴት ከማትረግጠው ከገዳሙ ምድር ትይዩ
አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ጭቃ ጎርሶ የዘለቀ።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ገበያ ገባ።
«ዘውድ ነው? የጣልያን ካዝና ነው? ስንት ኪሎ ነው ወርቁ?»
ዣንጥላ ዘርግተው፣ ሕፃን አዝለው፣ ዳሩን አጨናነቁ።
ጦይባ ወጣች። ከንፈሯ ጠቁሯል።
«ጭነቱ» አለች እየተንቀጠቀጠች፣ «ወፍጮ ነው። ከነመጁ።»
ዣንጥላው ሁሉ ታጠፈ፤ ጉጉ ፊቶች ባንድ ቃል አረጁ።

ሸራ ላይ አጋደምነው። ቁመቱን፣ ስፋቱን ለክቼ ጻፍሁት፤
«ባለቤት» የሚል ሳጥን አለ፣ እሱን ባዶ ተውሁት።
ሙሄ ግን ተንበረከከ፤ መዳፉን በጎድጓዳው ላይ አሳለፈ፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንደ ሐኪም፤ ከዚያ ቀና ብሎ አረፈ።
«ወፍጮ ቀኝ እጅ ሲገፋው ወዲህ ይበላል» አለ፣
«ይሄ ወዲያ ነው የተበላው። ሴትዮዋ ግራኝ ናት።»

ግራኝ።
አንድ አዛውንት ሳል ያዛቸው፤ አንድ መነኩሴ ወደ ደወሉ ዞሩ።
በዚህ አገር ያ ስም ፈረስ አለው፣ እሳት፣ አቧራ፤
ጎራዴ ሳያስከትል አይጠራ።
ሙሄ ሳቀ፦ «አብሽሩ!
እኔ የማወራው ዱቄቷ ወዲያ ስለሚፈስባት፣
ማታ ማታ የግራ ትከሻዋ ስለሚያማት።»

ከታንኳው በታች ጭቃው አላለቀም።
ሁለት ክንድ ዝቅ ብሎ ባልጩት አለ፣ እንደ ሌሊት የጠቆረ፤
የጦይባን አውራ ጣት ቆረጠው፣ ስለቱ እንደነበረ።
ወሎ የሚል ስም ያልሰማ፣
ሐይቁን ምን ብሎ እንደጠራው የማናውቀው ሰው
ከበረሃው ወገን ተሸክሞት ወጥቶ፣
ዓሣ በልቶበት፣ ጥሎት የሄደው።
ደሟን ጨርቅ አሰርሁላት። መዝገቡ ላይ ትንሽ ነጠብጣብ ቀርቷል፤
የምን እንደሆነ አልጻፍሁም።

ደብዳቤ መጣ፦ ገንዳ የለም፣ መድኃኒት የለም፣ በጀት የለም።
እንጨቱ ነፋስ ከነካው በሳምንት ትቢያ ነው፤ ታንኳ አይባልም።
እናም ሳልነው፣ ለካነው፣ ፎቶ አነሳነው፤
መልሰን ጭቃውን አለበስነው።
ወፍጮውን ጦይባ ራሷ አወረደችው። «ጭነቷ ነው» አለች፣
«ሳትሻገር ነው የቀረች።»
ቢሮው ግን አንድ ማሳያ ፈለገ፤ መጁን ወሰዱ።

ሙሄ አሁን መረቡን ሲጥል ያንን ቦታ ዞሮ ያልፋል።
ለምን ቢሉት፣ «ቤት አለ» ይላል።
በገመዱ ደንብ ላይም አንድ መስመር ጨምረናል፦
ሦስቴ ከተሳበ፣ ሰው አለ።

መጁ ደሴ ነው፣ መደርደሪያ ላይ፣ ቁጥር ተለጥፎበት።
ሁሉም ምሳ ሲወጡ በግራ እጄ አነሳዋለሁ።
ለእኔ አይመችም።